ሙዚቃው ፊልሙን ሲቀድም፦ የስፒልበርግና የዊሊያምስ 48 ዓመታት

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1974 «ዘ ሹገርላንድ ኤክስፕረስ» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ ማጀቢያ ሙዚቃውን የሠራለት ጆን ዊሊያምስ ነበር። በ2022 «ዘ ፌብልማንስ»ን ሲያወጣም ሙዚቃውን የሠራለት ያው ጆን ዊሊያምስ ነው። በመሃል 48 ዓመታትና ከሃያ አምስት በላይ ፊልሞች አሉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በእነዚህ ዓመታት ስፒልበርግ ከሌላ የሙዚቃ ደራሲ ጋር የሠራባቸው ፊልሞች ጥቂት ናቸው።

ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ስለሚግባቡ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይግባባሉ። ግን ይህ መልስ አንድን ሞተር «ለምን ይሠራል?» ሲሉን «ጥሩ ስለሆነ» ብሎ እንደመመለስ ነው። ምህንድስና የተማረ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ማየት ያምረዋል። እስቲ እንክፈተው። ሁለት ሰዎች ለረጅም ጊዜ አብረው ሲሠሩ በሥራው ሂደት ላይ በተጨባጭ የሚለወጠው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ለውጥ የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ማን ማንን ይጠብቃል የሚለው ጉዳይ።

በተለመደው አሠራር ሙዚቃ የፊልም ጭራ ነው። ድርሰቱ ይጻፋል፣ ተዋንያን ይመረጣሉ፣ ቀረጻው ያልቃል፣ ኤዲተሩ ይቆራርጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለቀው ፊልም ለሙዚቃ ደራሲው ይሰጠዋል። «በዚህ ላይ ሙዚቃ ሥራልን፤ ጊዜ የለንም፤ ብሩም አልቋል» ይባላል። ይህን የሚሰማ የፊልም ሙዚቃ ሠሪ አዲስ አበባም ሆነ ሎስ አንጀለስ ቢኖር ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ያለቀ ምስል ላይ ሙዚቃ መሥራት ለምን እንደሚከብድ በቁጥር ማየት ይቻላል። የሲኒማ ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ በደቂቃ ደግሞ 1440 ፍሬም ያሳየናል። ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ቢኖረው አንድ ምት 12 ፍሬም ይወስዳል ማለት ነው። አሁን አንድ ፈረሰኛ ከበሩ ወጥቶ ገደሉ አፋፍ እስኪደርስ 10 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። በ10 ሴኮንድ ውስጥ 20 ምት አለ። ሙዚቃው ሦስት ሦስት እየተባለ የሚቆጠር ከሆነ ግን 20 ለ3 አይካፈልም። ፈረሰኛው አፋፉ ላይ ሲቆም ዜማው ገና መሃል ላይ ይሆናል። ስለዚህ ደራሲው ፍጥነቱን ወደ 126 ከፍ ያደርግና 21 ምት ያገኛል፤ ሰባት ጊዜ ሦስት፣ ተስተካከለ። ደስ ብሎት ሳይጨርስ ኤዲተሩ ይደውላል፦ «ያቺን ትዕይንት አንድ ሴኮንድ ቀንሰናታል።» በቃ፣ ሒሳቡ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ሌላም ጣጣ አለ። ኤዲተሩ ፊልሙን ሲቆራርጥ ዝም ብሎ አይቆራርጥም፤ ከሌላ ቦታ ያመጣውን ሙዚቃ ለጊዜው ከስር ይለጥፍበታል። ዳይሬክተሩ ያን ጊዜያዊ ሙዚቃ ለወራት ሲሰማ ይከርምና ይለምደዋል። አዲሱ ሙዚቃ ሲመጣ የቱንም ያህል ቢያምር ባዕድ ይሆንበታል። በጣም የታወቀው ጉዳይ የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» (1968) ነው። አሌክስ ኖርዝ ለፊልሙ ሙዚቃ ደርሶ አስቀርጾ ነበር፤ ኩብሪክ ግን ለጊዜው የለጠፋቸውን የክላሲካል ሙዚቃዎች አስቀረ። ኖርዝ ሥራው እንደተጣለ ያወቀው ፊልሙ ለእይታ በበቃበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ ከዚያ በፊት በ«ስፓርታከስ» አብረው ሠርተዋል፤ አንድ ፊልም አብሮ መሥራት ግን አልበቃም።

ወደ ስፒልበርግና ዊሊያምስ እንመለስ። ሁለተኛ ሥራቸው «ጆውስ» (1975) ነው፤ የሰው በላው ሻርክ ፊልም። ለቀረጻው የተሠራው ሜካኒካል ሻርክ የባሕሩ ጨው እየበላው በየጊዜው ይበላሽ ነበር። ዳይሬክተሩ ሻርኩን ማሳየት ስላልቻለ ብዙውን ትዕይንት ሻርኩ ሳይታይ ቀረጸው። ሻርኩ የሌለበት የሻርክ ፊልም! ታዲያ ተመልካቹ ሻርኩ እንዳለ በምን ያውቃል?

ዊሊያምስ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ሁለት ኖታ ብቻ፣ ኢ እና ኤፍ የሚባሉትን፣ በዝቅተኛው በኩል እያፈራረቀ አሰማው። ስፒልበርግ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ግን ገባው። ሁለቱ ኖታዎች አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ የአንዱ ፍሪኩዌንሲ ከሌላው የሚበልጠው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀስ ብለው ሲጀምሩ ሻርኩ ሩቅ ነው፤ ሲፈጥኑና ሲጮሁ ቀርቧል። በምህንድስና ቋንቋ ሙዚቃው የርቀት መለኪያ ሆነ ማለት ነው። የተበላሸውን ዕቃ ሥራ ሌላ ዕቃ ተረከበው።

የተንኮሉ ጥልቀት የሚታየው ደግሞ ሙዚቃው በሌለበት ነው። በፊልሙ መሃል ሁለት ልጆች የውሸት ክንፍ ይዘው ዋናተኛውን ሁሉ ያስደነግጣሉ። ሰው ይራወጣል፤ ሙዚቃው ግን ዝም ይላል። ተመልካቹ ሳያውቀው «ሙዚቃ ከሌለ ሻርክ የለም» የሚለውን ሕግ ይማራል። ትንሽ ቆይቶ ሻርኩ ያለ አንዳች ሙዚቃ ብቅ ይላል። ሕጉን አስተምረውን፣ አምነን ስንቀመጥ አፈረሱት። እንዲህ ያለውን ነገር ሙዚቃ ደራሲው ብቻውን ወይም ዳይሬክተሩ ብቻውን ሊያቅደው አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ድምፁ ራሱ ጥቂት ልበል፤ የእኔ ዓይነቱ አንባቢ የሚወደው ይህን ነውና። የኮንትራባስ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው የሚርገበገበው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ይሆናል። የሰው ጭንቅላት ለዚህ ሞገድ እዚህ ግባ የሚባል እንቅፋት አይደለም፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ ጆሯችን የሚሰሙት ነገር ተመሳሳይ ይሆንና ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት እንቸገራለን። «ከየት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አለ» የሚለው ስሜት በከፊል ከዚህ የሚመጣ ነው።

ጥሩ፣ ግን ሰሃላ ውስጥ ይህን ፊልም የሚያየው ወጣት በሲኒማ ቤት ድምፅ ማጉያ አይደለም የሚሰማው። ከሰቆጣ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ አስጭኖ፣ ለሦስት ለአራት ሆነው በአንድ ስልክ ነው የሚያዩት። የስልክ ስፒከር ደግሞ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ለማውጣት አቅም የለውም፤ 41 ኸርዝማ ጭራሽ አይታሰብም። ታዲያ ልጆቹ ለምን ይደነግጣሉ?

አንድ ክር ሲመታ 41ን ብቻ አያሰማም። 82፣ 123፣ 164 እያለ የሚወጣ የድምፅ መሰላል አብሮ ያሰማል፤ እነዚህ ሃርሞኒክስ ይባላሉ። ስልኩ ታችኞቹን ደረጃዎች ይቆርጣቸዋል፤ የላይኞቹን ግን ያወጣል። አእምሯችን በላይኞቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 41 መሆኑን ያስተውልና የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። የሌለውን ድምፅ ነው የምንሰማው። ደረት ላይ የሚያርፈው ክብደት አይመጣም፤ ዜማው ግን ይመጣል። በገና የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በበገና ክሮች ስር የሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ያንን የሚነዝር ድምፅ የሚያመጡት ሃርሞኒክሱን በማብዛት ነው። የበገና ቅጂ በርካሽ ስልክ ላይ ሲሰማ እንኳ ወፍራምነቱ ፈጽሞ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ለስልክ ተመልካች ፊልም የሚሠራ የእኛ አገር ሙዚቀኛ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው እላለሁ፤ በስቱዲዮ ትልቅ ስፒከር የተንቀጠቀጠ ባስ ሰሃላ ሲደርስ ዝምታ ሊሆን ይችላል።

«ጆውስ» ላይ ዊሊያምስ የመጣው አሁንም በጭራው በኩል ነበር። ቀጣዩ ሥራቸው ግን ነገሩን ገለበጠው። «ክሎዝ ኢንካውንተርስ ኦፍ ዘ ተርድ ካይንድ» (1977) ውስጥ ሰዎችና ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን የሚነጋገሩት በአምስት ኖታ ነው። ያ ዜማ ቀረጻው ቦታ ላይ መጫወት ነበረበት፤ ስለዚህ ከፊልሙ በፊት መኖር ግድ ሆነ። ዊሊያምስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለ አምስት ኖታ ሐረጎች ጻፈ፤ ተቀምጠው አንዷን መረጡ። አስቡት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ስንተኛው ላይ ይጣሉ ነበር?

የመገለበጡ ጫፍ ያለው ግን «ኢ.ቲ.» (1982) ላይ ነው። በመጨረሻው ክፍል ልጆቹ በብስክሌት ይሸሻሉ፣ ይበርራሉ፣ ከዚያ ስንብቱ ይመጣል። ሙዚቃው ለብዙ ደቂቃ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ በየመሃሉ በትክክል መግጠም ያለባቸው በርካታ ነጥቦች አሉ። ከላይ ያየነው የ20 እና የ21 ምት ጣጣ እዚህ በብዙ እጥፍ ነው። ዊሊያምስ ኦርኬስትራውን እየመራ ደጋግሞ ሞከረ፤ አንዱ ጋ ሲገጥም ሌላው ጋ ይስታል፤ ሲገጥም ደግሞ ሙዚቃው ሕይወት ያጣል። ያኔ ስፒልበርግ ምስሉን አጥፉት አለ። ኮንሰርት ላይ እንዳለህ አድርገህ ምራው፣ እኔ ፊልሙን በሙዚቃው ልክ እቆርጠዋለሁ አለው። እንዳለውም አደረገ።

ይህን ውሳኔ ቆም ብለን እንየው። ዳይሬክተር ያለቀ ኤዲቲንግ ማፍረስ ማለት ለሙዚቃ ደራሲው ሥልጣን መስጠት ማለት ነው። ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲህ የሚያደርግ ዳይሬክተር ያለ አይመስለኝም። እዚህ የደረሱት በስምንተኛ ዓመታቸው ነው። በእኛ ትምህርት አንድ ሥርዓት መረጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲፈስበት ክፍት ይባላል፤ ውጤቱ ወደ መነሻው ተመልሶ መነሻውን የሚያርም ከሆነ ግብረ መልስ አለው ይባላል። የተለመደው የፊልም አሠራር ክፍት ነው፦ ምስል ሙዚቃን ያዛል፣ ሙዚቃ ምስልን አያርምም። እነዚህ ሰዎች ቀለበቱን ዘጉት። ለነገሩ ሠርግ ላይ ማሲንቆውን ይዞ የቆመ አዝማሪም ይህን ያውቀዋል። የሚጨፍሩትን እያየ ያፈጥናል፣ ያዘገያል፤ እነሱም እሱን እየሰሙ ይለወጣሉ። ልዩነቱ አዝማሪው ቀለበቱን በሴኮንድ ውስጥ መዝጋቱ ነው።

ይህን ያደረጉት እነሱ ብቻ አይደሉም። ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ እና ኤንዮ ሞሪኮኔ ሮም ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። ከ1964 እስከ 1984 ስድስት ፊልም አብረው ሠሩ። ለ«ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» (1968) ሞሪኮኔ ሙዚቃውን የሠራው ከቀረጻው በፊት ነው፤ ሊዮኔ ቀረጻው ቦታ ላይ እያስከፈተ ተዋንያኑም ካሜራውም በዜማው ልክ እንዲንቀሳቀሱ አደረገ። ያ ፊልም ዝግ ያለው እርምጃው ከየት እንደመጣ አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

ረጅም ወዳጅነት ሁሉ በሰላም ይዘልቃል ማለት ግን አይደለም። በርናርድ ኸርማን ለአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» (1960) ሙዚቃ ሲሠራ ዳይሬክተሩ የሻወሩ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ኸርማን ትእዛዙን ጥሶ ሠራው፤ ሂችኮክ ሲሰማው ሐሳቡን ቀየረ፤ ዛሬ ያንን ትዕይንት ያለዚያ የቫዮሊን ጩኸት ማሰብ አይቻልም። ስድስት ዓመት ቆይቶ «ቶርን ከርተን» ላይ ኸርማን እንደገና የራሱን መንገድ ያዘ። በዚህ ጊዜ ሂችኮክ ቀረጻውን አስቆመው፤ ዳግም አብረው አልሠሩም። ቀለበቱ ሲዘጋ የሚመለሰው መረጃ ሁልጊዜ የሚጥም አይደለም፤ የሚሰማ ሰው ከሌለ ሥርዓቱ ይፈርሳል።

የእኛስ? ከእኛ ዳይሬክተሮች በዓለም ስሙ ጎልቶ የሚነሳው የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። አባቱ ተውኔት እየጻፉ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ ልጅየውም መድረኩ ላይ ነው ያደገው። «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልሙን በ1974 የአብዮቱ ግርግር መሃል በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው፤ በ1976 ወጣ። ሙዚቃው የተስፋዬ ለማ ነው፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሩት ተስፋዬ ለማ። ይህ ኦርኬስትራ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውን በአንድ መድረክ አሰልፎ ያጫወተ ነው። ገበሬን ስለሚመለከት ፊልም ከዚህ የተሻለ ጥምረት ማሰብ ይከብዳል። በ2008 «ጤዛ» ሲወጣ ሙዚቃውን የሠሩት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፦ ፒያኒስቱ ቪጃይ አየር እና የእኛው ሳክስፎኒስት ጆርጋ መስፍን። ሁለቱም ፊልሞች ሙዚቃቸው የሚደነቅ ነው። ግን በየፊልሙ ትውውቁ ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ በየፊልሙ አዲስ «ጆውስ» እንጂ «ኢ.ቲ.» ላይ የሚያደርስ የጊዜ ክምችት አልነበረም። ይህ የዳይሬክተሩ ጥፋት አይደለም። ለአንድ ፊልም ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ዓመት የሚለምን ሰው ሙዚቀኛን አጠገቡ ሊያቆይ አይችልም።

ሌላው የምንኮራበት ጉዳይ የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» (2005) ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት አለው፤ ጎረቤቱ ሲዲ ይሰጠዋል፤ ሰውየው መኪናው ውስጥ እየሰማው ይሄዳል። የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ነው። ይህ በአንድ በኩል ሙዚቃ የቀደመበት ፊልም ነው፤ ሙዚቃው ከፊልሙ በሦስት ዐሥርት ዓመታት ይበልጣል። ትብብር ግን አይባልም፤ ጃርሙሽ ያለቀ ቅጂ ወሰደ፣ ሙላቱም ለዚያ ፊልም ብሎ አልደረሰውም። ቀለበቱ በሌላኛው በኩል ክፍት ሆነ ማለት ነው።

በፊልሙ ከሚሰሙት የሙላቱ ሥራዎች አንዱ «የከርሞ ሰው» ይባላል። የጸጋዬ ገብረመድኅን ተውኔትም «የከርሞ ሰው» ነው። ስሙ ወደ ቴአትር ቤት ይመራናል፤ የእኛ የረጅም ጊዜ ትብብር መፈለግ ያለበትም እዚያ ይመስለኛል። ሀገር ፍቅር በ1935 ሲመሠረትም፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1955 «ዳዊትና ኦሪዮን» በተሰኘው ተውኔት ሲከፈትም፣ ሙዚቀኛውና ተዋናዩ በአንድ ጣሪያ ስር ነበሩ። ቴአትር ቤቶቹ የራሳቸው የሙዚቃ ክፍል አላቸው። ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰለ የሙዚቃ ሰው በዚያ ቤት ዓመታትን አሳልፏል። አዘጋጁ ልምምድ ላይ ሆኖ «እዚህ ጋ ትንሽ ዝቅ ይበል» ሲል ሙዚቀኛው እዚያው ነው፤ ሙዚቀኛው «እኔ አልጨረስኩም፣ ተዋናዩ ትንሽ ይቆይ» ሲልም አዘጋጁ እዚያው ነው። ይህ ወዳጅነት ከመጠየቁ በፊት ወርኃዊ ደመወዝና የጋራ የልምምድ ክፍል ይጠይቃል።

በዲጂታል ካሜራ የመጣው የአማርኛ ፊልም ያንን ጣሪያ ይዞ አልመጣም። በአንድ ስክሪፕት ተሰባስቦ፣ ከምርቃቱ ማግስት የሚበተን ቡድን ነው በብዛት ያለው። ሙዚቀኛው የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚከፈለውም ከተረፈው ነው። በዚህ አሠራር የሚጎዳው የሙዚቃው ጥራት ብቻ አይመስለኝም። ሙዚቃ ሊሸከመው የሚችለውን ነገር ሁሉ ንግግር ይሸከመዋል። ገጸ ባሕርይው ማዘኑን በአፉ ይነግረናል፣ መፍራቱን በአፉ ይነግረናል። ሻርኩ ተበላሽቶ፣ የሻርኩን መምጣት አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ የሚያወራልን ዓይነት ፊልም ይሆናል።

ይህን ለመቀየር ሆሊውድ መሆን አያስፈልግም። ሰቆጣ ውስጥ በስልክ ካሜራ አጭር ፊልም የሚሠራ ልጅና ዋሽንት የሚነፋ ጓደኛው ከማንም የተሻለ ዕድል አላቸው፤ አንድ ሰፈር ናቸው፣ ለሚቀጥለው ፊልምም እዚያው ይገናኛሉ። ስክሪፕቱን ከመቅረጽ በፊት ለዋሽንተኛው ማንበብ ምንም ብር አይጠይቅም። እሱ የሚያወጣትን አንዲት ዜማ በስልክ ቀድቶ፣ ቀረጻው ላይ ከፍቶ፣ ተዋናዩን በእሷ ልክ ማራመድም እንዲሁ። ሊዮኔ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ዋሽንት ደግሞ ድምፁ ከስልክ ስፒከር አቅም በላይ ዝቅ ስለማይል ሰሃላ ሲደርስ የሚቆረጥበት ነገር እምብዛም የለም።